ኬሞካይኖችና ካንሰር፦ ከጎጃም ለደረሱን ስድስት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ለዓምዳችን ከተላኩት ደብዳቤዎች መካከል ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሞጣ የመጡት ስድስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁና ሳይመካከሩ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ገጥመው ስላገኘናቸው በአንድነት ልንመልሳቸው ወስነናል። ጉዳዩም የሴሎችን ጉዞ የሚመሩት ኬሞካይን የተባሉ ፕሮቲኖች በካንሰር መነሣት፣ መሰራጨትና ሕክምና ላይ ያላቸው ድርሻ ነው። የጠያቂዎቹን ስም ትተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ከደብረ ማርቆስ፣ የባዮሎጂ መምህርት

«ስለ በሽታ መከላከያ ሥርዓት ሳስተምር፣ ነጭ የደም ሴል ቁስሉ ያለበትን ቦታ በምን ያውቃል የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ተነሣ። በኬሞካይን እየተመራ እንደሚሄድ ነግሬያቸው ላልፍ ስል፣ አንዱ ተማሪ ኬሞካይን ለካንሰርም ያግዛል ሲባል አንብቤያለሁ፤ እንዴት ነው የሚያድነው ነገር መልሶ የሚገድለው አለኝ። የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁትም።»

መልስ፦ ኬሞካይኖች እጅግ ትንንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። አብዛኞቹ ከ70 እስከ 100 በሚደርሱ አሚኖ አሲዶች የተሠሩ ሲሆኑ፣ በሰው አካል ውስጥ 50 ያህል ዓይነት ይገኛሉ። ኬሞቴራፒ ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር መምታታት የለባቸውም፤ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርታቸው ናቸው። እሾህ የወጋው ጣት ላይ ያሉ ሴሎች ኬሞካይን ሲያመነጩ ፕሮቲኑ በቁስሉ አጠገብ ይበዛል፤ ከቁስሉ በራቀ መጠንም እየሳሳ ይሄዳል። በደም ሥር ውስጥ የሚያልፈው ነጭ የደም ሴል በገጹ ላይ ባለው ተቀባይ አማካይነት ይህን የመጠን ልዩነት ይለያል፤ ከሳሳው ወደ በዛው እየተሳበም የደም ሥሩን ግድግዳ ሾልኮ ይወጣና ከቁስሉ ይደርሳል። ተቀባዮቹ 20 ያህል ብቻ ስለሆኑ አንዱ ተቀባይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ኬሞካይን ይቀበላል፤ አንዱ ኬሞካይንም ከአንድ በላይ በሆኑ ተቀባዮች ሊሠራ ይችላል። ይህን ነጥብ ያቆዩልን፤ ለባሕር ዳሩ ጠያቂ መልስ ስንሰጥ ያስፈልገናል።

ወደ ተማሪዎ ጥያቄ ስንመጣ፣ ነገሩ ካንሰሩ ገና ሳይፈጠር ይጀምራል። በአገራችን በሰፊው የሚገኘው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የጨጓራን ግድግዳ ሴሎች ሲተነኩስ፣ ሴሎቹ ሲኤክስሲኤል8 የተባለውን፣ በቀድሞ ስሙ ኢንተርሉኪን-8 ተብሎ የሚታወቀውን ኬሞካይን በብዛት ይለቅቃሉ። ኬሞካይኑ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል፤ እነዚህም ባክቴሪያውን ለመግደል የሚረጩት ኬሚካል የጨጓራውን ሴሎች ዘረመል ጭምር ይጎዳል። ባክቴሪያው ስለማይጠፋ ጥሪው አይቋረጥም፤ ጉዳቱም ለብዙ ዓመታት ሲደራረብ ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ ለጨጓራ ካንሰር መንገድ ይጠርጋል። እዚህ ላይ ኬሞካይኑ ከተለመደ ሥራው ዝንፍ አላለም፤ የጎዳው ሥራው ማብቂያ ማጣቱ ነው።

ካንሰሩ ከተፈጠረ በኋላ ግን ዕጢው ራሱ ኬሞካይን አምራች ይሆናል፤ የሚጠራቸውንም ሴሎች ለራሱ ጥቅም ያውላቸዋል። ሲሲኤል2 የተባለው ሞኖሳይት የሚባሉትን ሴሎች ከደም ይስባል፤ እነርሱም በዕጢው ውስጥ ወደ ማክሮፋጅነት ተለውጠው፣ ወራሪ መዋጋታቸውን ትተው ለዕጢው ማደጊያና ለአዳዲስ የደም ሥሮች ማብቀያ የሚሆን ንጥረ ነገር ያቀርባሉ። ሲሲኤል22 ደግሞ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የተባሉትን፣ የሌሎችን የመከላከያ ሴሎች ጥቃት የሚያበርዱ ነጭ የደም ሴሎች ያመጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2004 በኦቫሪ ካንሰር ሕሙማን ላይ በታተመ ጥናት በግልጽ ታይቷል። በተቃራኒው ሲኤክስሲኤል9 እና ሲኤክስሲኤል10 የካንሰር ሴል የሚገድሉትን ቲ ሴሎች ስለሚጠሩ፣ እነዚህ ሁለቱ በብዛት የሚገኙበት ዕጢ ብዙ ጊዜ ለሕክምና የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። ስለዚህ ለተማሪዎ፣ ኬሞካይን ያድናል ወይስ ይገድላል ከማለቱ በፊት የትኛው ኬሞካይን፣ ማንን፣ ወዴት ጠራ ብሎ እንዲጠይቅ ይንገሩት።

ከቢቸና፣ ገበሬ

«እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ጡታቸው ወጣ፤ ከብብታቸውም ንፍፊት ተወሰደ። ኬሞቴራፒውንም እስከ መጨረሻው ወሰዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወገባቸውን እያመማቸው ሲመረመሩ ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ተገኘ። ጡት የት፣ ወገብ የት? ሐኪሞቹ አስቀርተውት ይሆን? ወይስ እኔ ዘግይቼ ነው ያመጣኋቸው?»

መልስ፦ እግዚአብሔር ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። የጠየቁት ጥያቄ ስቲፈን ፓጄት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1889 ያነሣው ነው። ፓጄት በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላብጦ፣ ካንሰሩ የተሰራጨባቸው የአካል ክፍሎች በዘፈቀደ የተመረጡ አለመሆናቸውን አስተዋለ፤ የካንሰር ሴልን በዘር፣ የሚያርፍበትን አካል ደግሞ በአፈር መሰለው። እርስዎ ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ በመረሬ ላይ ያማረው ጤፍ በጭንጫው ላይ ቢዘሩት አይሆንም። ዘሩ ለምን አንዱን አፈር እንደሚመርጥ ግን ፓጄት ሊያውቅ የሚችልበት መሣሪያ አልነበረውም።

ከመልሱ አንዱ ክፍል የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የጡት ካንሰር ሴሎች ሲኤክስሲአር4 እና ሲሲአር7 የተባሉ ሁለት የኬሞካይን ተቀባዮችን በብዛት እንደሚይዙ አገኙ። የሲኤክስሲአር4 ጠሪ የሆነው ሲኤክስሲኤል12 በየትኛው አካል እንደሚበዛ ሲለኩ፣ ከፍተኛው መጠን የተገኘው በሊምፍ ዕጢ (በንፍፊት)፣ በሳንባ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነበር፤ እነዚህም የጡት ካንሰር ዘወትር የሚሄድባቸው ቦታዎች ናቸው። ተቀባዩ በተዘጋባቸው አይጦች ላይ ካንሰሩ ወደ ሊምፍ ዕጢና ወደ ሳንባ መሰራጨቱ ቀነሰ። ከእናትዎ ብብት ንፍፊት የተወሰደውም ካንሰሩ አስቀድሞ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በዚያ ስለሆነ ነው።

መቅኒ ይህን ኬሞካይን የሚያመርተው ለበጎ ነው፤ ደም የሚያመነጩት እናት ሴሎች ከመቅኒው ወጥተው እንዳይበተኑ ይዞ የሚያቆያቸው እርሱ ነው። ተመሳሳይ ተቀባይ ያለው የካንሰር ሴል ወደዚያ ሲደርስ እንደ ቤተኛ ይቀመጣል፤ ሳይባዛም ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። እርግጥ ኬሞካይን ብቻውን ሁሉን ነገር አያብራራም፤ ደም በብዛት የሚዘዋወርበት መንገድም፣ አጥንት ሲሸረሸር የሚለቀቁት የዕድገት ንጥረ ነገሮችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ስለዚህ ሐኪሞቹ አስቀርተውት ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላየንም። ሴሎቹ ከጡት የወጡት ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ሊሆን ይችላል፤ ኬሞቴራፒ የተጨመረውም እንዲህ ያሉትን ለመግደል ነበር፤ ነገር ግን የማይባዛ ሴል ከኬሞቴራፒ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። በራስዎም ላይ አይፍረዱ። አሁን የሚጠቅመው፣ ካንሰሩ ሆርሞን ተቀባይ ያለው መሆን አለመሆኑን የሚገልጸውን የፓቶሎጂ (የተወሰደው ናሙና ምርመራ) ውጤት ይዘው ከካንሰር ሐኪም ጋር መነጋገር ነው፤ ሆርሞን ተቀባይ ካለው በአፍ የሚወሰዱ የሆርሞን መድኃኒቶች ይረዳሉ፤ አጥንትን የሚያጠነክር ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለ መድኃኒት አለ፤ ለሕመሙም የጨረር ሕክምና ብዙዎችን ያሳርፋል። አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ እናትዎ እግራቸው ድንገት ቢዝል ወይም ሽንታቸውን መቆጣጠር ቢያቅታቸው አከርካሪያቸው ውስጥ ያለው ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያሳድሩ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ከባሕር ዳር፣ የፋርማሲ ተማሪ

«ካንሰር የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳየው ፕሮቲን ታውቆ ሳለ፣ ያንን የሚዘጋ መድኃኒት ሠርቶ ስርጭቱን ማስቆም ለምን አልተቻለም?»

መልስ፦ መድኃኒት ተሠርቷል፤ የሚጠቅመው ግን ሲጀመር በታሰበበት ቦታ አልሆነም። ፕሌሪክሳፎር የተባለውን ይመልከቱ። ሲኤክስሲአር4ን የሚዘጋ መድኃኒት ሲሆን፣ የታቀደው ለኤች አይ ቪ ነበር፤ ቫይረሱ ወደ ሴል ለመግባት ከሚጠቀምባቸው ሁለት ዋና ዋና ተቀባዮች አንዱ ይህ ነውና። ለሙከራ የወሰዱት ሰዎች ደም ሲመረመር ግን ነጭ የደም ሴላቸው ሳይታሰብ ከፍ ብሎ ተገኘ። ለቢቸናው ጠያቂ እንደ ገለጽነው፣ ሴሎቹን በመቅኒ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ይኸው ተቀባይ ስለሆነ፣ ሲዘጋ ሴሎቹ ወደ ደም ፈሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊምፎማና መልቲፕል ማይሎማ የተባሉት የደም ካንሰሮች ያለባቸው ሕሙማን ከባድ ኬሞቴራፒ ከመውሰዳቸው በፊት የራሳቸው ደም አመንጪ ሴል ከደማቸው ተሰብስቦ እንዲቆይላቸውና በኋላ እንዲመለስላቸው ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የተፈቀደው ሞቲክሳፎርታይድም ለተመሳሳይ ሥራ፣ ለማይሎማ ሕሙማን የሚውል ነው። ሁለቱም የካንሰር ሕክምናን ይረዳሉ እንጂ በዚህ አገልግሎታቸው ካንሰሩን ራሳቸው አይመቱም።

ካንሰሩን በቀጥታ የሚመታው ሞጋሙሊዙማብ ነው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ሲሲአር4 ከተባለው ተቀባይ ጋር ተጣብቆ፣ ተቀባዩን የተሸከመው ሴል በበሽታ መከላከያ ሴሎች እንዲገደል ያደርጋል። በአንዳንድ የቲ ሴል ካንሰሮች ላይ ተቀባዩ በብዛት ስለሚገኝ፣ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2018 ለእነዚሁ ተፈቅዷል። የመድኃኒቱ ብልሃት ጥሪውን መዝጋቱ ላይ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ተቀባዩን የሚጠቀምበት የሚገደለውን ሴል ለመለየት ነው። ጤነኞቹ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም ይህንኑ ተቀባይ ስለሚይዙ አብረው ይመታሉ፤ የቆዳ ሽፍታና፣ በኋላ ከሌላ ሰው መቅኒ ለሚቀበሉ ሕሙማን የተተከለው መቅኒ በሰውነታቸው ላይ የሚነሣበት አደጋ የሚጨምረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥሪውን ራሱን ለመዝጋት የተደረጉት ሙከራዎች ግን ብዙዎቹ ተስፋ አስቆርጠዋል። ካርሉማብ የተባለው ሲሲኤል2ን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል የፕሮስቴት ካንሰር ላለባቸው ሕሙማን ተሰጥቶ ውጤት አላሳየም፤ የኬሞካይኑ መጠን በደማቸው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ከወረደ በኋላ ከመነሻው በላይ ወጣ። ይበልጥ የሚያሳስበው እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ የታየው ነው፦ ሲሲኤል2 ታግዶ ቆይቶ ሕክምናው ሲቋረጥ፣ በመቅኒ ውስጥ ተከማችተው የቆዩት ሞኖሳይቶች በአንድ ጊዜ ወጡ፤ የጡት ካንሰሩም ከበፊቱ ፈጥኖ ተሰራጨና አይጦቹን ቶሎ ገደላቸው። ለደብረ ማርቆሷ መምህርት ያልናት ነጥብ እዚህ ላይ ትመጣለች። አንዱ ተቀባይ ብዙ ጠሪዎች ስላሉት አንዱን ጠሪ ሲዘጉት ሌላው ይተካል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚደርሱት ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ፣ መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት የሚጀመረው ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው። በእኛ አስተያየት፣ ከሁሉም በላይ ያዘገየው ይህ የመጨረሻው ምክንያት ነው።

አሁን ተስፋ የሚጣልበት አቅጣጫ ሌላ ነው፤ የካንሰር ሴልን ከመከተል ይልቅ ገዳይ ቲ ሴሎችን ወደ ዕጢው ማስገባት። የጣፊያ ጎረቤት ቆሽት በካንሰር ሲያዝ፣ በዕጢው ዙሪያ ያሉት ፋይብሮብላስት የተባሉ ሴሎች ሲኤክስሲኤል12 እያመነጩ ቲ ሴሎችን ከውጭ ያስቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአይጦች ላይ በታተመ ሥራ፣ ፕሌሪክሳፎር ከበሽታ መከላከያን ከሚያነቃቃ ሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ቲ ሴሎቹ ወደ ዕጢው ገብተው የካንሰር ሴሎቹ ቀንሰዋል፤ ብቻውን ሲሰጥ የበሽታ መከላከያ መድኃኒቱ አልሠራም ነበር። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ገና ሕክምናን የሚለውጥ ደረጃ ላይ አልደረሱም። በደሙ ውስጥ ሲኤክስሲኤል8 የበዛበት ሕመምተኛ ለእነዚሁ የበሽታ መከላከያ መድኃኒቶች ደካማ ምላሽ እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተሙ ትልልቅ ጥናቶች መታየቱም፣ የትኛው ሕመምተኛ ምን ቢጨመርለት ይሻላል የሚለውን ለማጥናት በር ከፍቷል።

ከቡሬ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ

«ቫይቫክስ የተባለው ወባ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው በዳፊ በኩል ነው ተብለን ተምረናል። ዳፊ የኬሞካይን ተቀባይ ነው የሚባለው እውነት ነው? ከካንሰርስ ጋር ይገናኛል?»

መልስ፦ እውነት ነው። ዳፊ የተባለው፣ በቀይ የደም ሴል ገጽ ላይ የሚገኘው ፕሮቲን ከቫይቫክስ ወባ ጋር ያለው ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲታወቅ፣ የኬሞካይን ተቀባይ መሆኑ ደግሞ በ1993 ተረጋግጧል። ከሌሎቹ የሚለየው ኬሞካይኑን ከያዘ በኋላ ለሴሉ ትእዛዝ አለማስተላለፉ ነው፤ በቀይ የደም ሴል ላይ ሆኖ የተረፈውን ኬሞካይን ከደም ይቀንሳል። በምዕራብ አፍሪካ አብዛኛው ሰው በቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ ስለሌለው ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም፤ በእኛ አገር ዳፊ ያላቸው ብዙ ስለሆኑ ይኸው በቡሬ ቆላ እርስዎ በየጊዜው በማይክሮስኮፕ ያዩታል፤ ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ተገኝቷል። ዳፊ በሌላቸው አይጦች የፕሮስቴት ካንሰር ዕጢ በፍጥነት ማደጉ ታይቷል፤ ከዚህ ተነሥቶ ግን የሰውን የካንሰር ዕጣ በዳፊ መተንበይ አይቻልም።

ከካንሰር ጋር በቀጥታ የተቆራኘውን የተቀባይ ስርቆት ማየት ከፈለጉ ካፖሲ ሳርኮማን ይመልከቱ። ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ የሚታየውን ይህን ካንሰር የሚያመጣው የሄርፒስ ቫይረስ፣ በራሱ ዘረመል ውስጥ የሰውን የኬሞካይን ተቀባይ የሚመስል ተቀባይ ይዟል፤ ይህም ጠሪ ሳይኖር ዘወትር ነቅቶ የሚሠራ ነው። የደም ሥር ማብቀያ ንጥረ ነገር ያለማቋረጥ እንዲመረት ስለሚያደርግ፣ የካፖሲ ቁስል ደም ሥር የበዛበትና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው እንዲሆን ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፣ ነጋዴ

«ጥቁር አዝሙድ የካንሰርን መሰራጫ መንገድ ይዘጋል የሚል ነገር በስልኬ ደርሶኝ ለታመመች እኅቴ ዘይቱን ገዛሁላት። ኬሞቴራፒ ላይ ናት። ትጠጣው?»

መልስ፦ የደረሰዎት መልእክት ከእውነት የተነሣ ቢሆንም ከእውነት አልፏል። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ በላቦራቶሪ ውስጥ ባደጉ የጡት ካንሰር ሴሎችና በአይጦች ላይ፣ ከላይ ያነሣነውን የሲኤክስሲአር4 ተቀባይ መጠን እንደቀነሰ የሚያሳይ ጥናት ታትሟል። ነገር ግን ተነጥሮ የወጣ ንጥረ ነገር በሴል ላይ ሲፈስ የሚሠራው፣ ዘይት ተጠጥቶ በጨጓራና በጉበት ካለፈ በኋላ ከሚሠራው ጋር አንድ አይደለም፤ በካንሰር ሕሙማን ላይ ስርጭትን እንዳቆመም የተረጋገጠ ነገር የለም። እንዲህ ያሉ ተጨምቀው የጠነከሩ ዘይቶች የኬሞቴራፒውን አወጋገድ በጉበት በኩል ሊያዛቡ ስለሚችሉ፣ ሕክምናው እስኪያልቅ ዘይቱን ያቆዩት፤ የምትወስደውንም ሁሉ ለሐኪሟ ይንገሩ። በዳቦ ላይና በበርበሬ ውስጥ የሚገባው ጥቁር አዝሙድ ግን ምንም አይከለከልም፤ ምግብ እንዳትጠላ የሚረዳት ከሆነ ይጨምሩላት።

ከሞጣ፣ የቤት እመቤት

«ዕድሜዬ 38 ነው። እናቴ በማኅፀን በር ካንሰር ሞተዋል። ኬሞካይን በደም ተለክቶ ካንሰርን አስቀድሞ ያሳያል ሲሉ ሰምቼ፣ ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ አበባ ሄጄ ልመርመር እያልሁ ነው።»

መልስ፦ ገንዘብዎን ለዚህ አያውጡት። ካንሰርን አስቀድሞ ለማወቅ በሥራ ላይ የዋለ የኬሞካይን የደም ምርመራ የለም። የኬሞካይን መጠን በጉንፋን፣ በቶንሲል፣ በጥርስ መቆጣት፣ በጨጓራ ባክቴሪያ ሁሉ ከፍ ስለሚል፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ እንኳ ሐኪሙ ምክንያቱ ይህ ነው ሊልዎት አይችልም፤ ዝቅ ማለቱም ካንሰር የለም አያሰኝም።

ለሚያሳስብዎት በሽታ የተሻለ ነገር በአቅራቢያዎ አለ። የማኅፀን በር ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው ለውጥ፣ ቀለል ያለ አሴቲክ አሲድ በማኅፀን በር ላይ በመቀባት በዓይን የሚታይበት ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በመንግሥት ጤና ተቋማት ይሰጣል፤ ለውጥ ከተገኘም ብዙ ጊዜ በዚያው ሊታከም ይችላል። ለሞጣ ሆስፒታል ወይም ለቅርብ ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ የሚሰጥበትን ቀን ይጠይቁ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባትም በአገራችን ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ስለሚሰጥ፣ ሴት ልጅ ካለችዎ ዘመቻው በትምህርት ቤቷ ሲደርስ እንዳያመልጣት ይከታተሉ። ለራስዎ ምርመራ ሲሄዱ የወር አበባ ላይ ያልሆኑበትን ቀን ይምረጡ።